በኪራ ዛቤታ ቤት የከረምንበት ኦገስት

ቅዳሜ፣ ጁላይ 27 — ላሪሳ

ሙቀቱ አይጣል ነው። ፀጉር ቤቱን ዛሬ ዘጋሁት፤ እስከ ሴፕቴምበር አልከፍትም። የመጨረሻዋን ደንበኛ ፀጉሯን እያጠብኩላት “ዘንድሮስ ወዴት ናችሁ?” አለችኝ። ምን ልበላት? ስትራቶስ “ፕሮግራም የሚባል ነገር አልፈልግም፤ ፒሬዎስ ወርደን ያገኘነው መርከብ ላይ እንወጣለን” ብሎኛል። ከተጋባን ሁለተኛው በጋችን ነው። አምና የትም አልሄድንም። ጋራዡ ደመወዙን ከቆረጠበት ወዲህ ሆቴል አይታሰብም፤ ከእህቴ ከሩላ ድንኳን ተውሻለሁ። ትንሿ የጋዝ ምድጃ፣ የታሸገ ባቄላ፣ ደረቅ ዳቦ፣ ቲማቲም። በቃ።

ሩላ ድንኳኑን ስትሰጠኝ በሳቅ ሞተች።

“በአርባ አራት ዓመትሽ መሬት ላይ ልትንደባለይ! የት ነው የሚወስድሽ ለመሆኑ?”

“ራሱም አያውቀውም።”

“ማን? ስትራቶስ? ብሎን እንኳ በየመጠኑ የሚደረድረው ሰውዬ?”

እውነቷን ነው። ስትራቶስ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ እንኳ መንገዱን አስቦ ነው የሚወጣው። ግን ሰው ይለወጣል። ለኔ ብሎ እየተለወጠ ነው። ደስ ብሎኛል።

ረቡዕ፣ ጁላይ 31 — መርከብ ላይ

በችኮላ። ክፍት ደርቡ ላይ ነን፣ ከጭስ ማውጫው ጀርባ፤ ርካሹ ቦታ እሱ ነው። ነፋሱ ደብተሩን ይገለብጥብኛል።

ትኬት መቁረጫው ጋ ስንደርስ “ናክሶስ ይሻላል ወይስ ፓሮስ?” ልለው አፌን ስከፍት እሱ ቀድሞ “ሁለት፣ ለአኔሞኒሲ” አለ።

“ይኼን ስም ደግሞ ከየት አመጣኸው?”

“ሰሌዳው ላይ አየሁት።”

ዞሬ አየሁ። አኔሞኒሲ ከሁሉም በታች ነበር የተጻፈው፤ ለማንበብ ዓይኔን ማጥበብ ነበረብኝ። ይሁን። ማንም የማይሄድበት ደሴት ርካሽ ነው።

እጁን ስይዘው ላብ አጥምቆታል። ሙቀቱ ነው።

ዓርብ፣ ኦገስት 2 — አኔሞኒሲ

ትናንት ጎሕ ሲቀድ ደረስን። ከታች ወደቡና አንድ ቡና ቤት፣ ከላይ መንደሩ፣ ከመንደሩ በላይ ቤተ ክርስቲያኑና የመቃብሩ ግንብ። ሌላ ምንም የለም። ድንኳናችንን ባሕሩ ዳር፣ አጫጭር ዛፎች ጥላ ሥር ተከልን። ውሃው እንደ መስታወት ነው፤ ነፋስ ሲነሳ ግን ይቆጣል።

ስትራቶስ ከመርከቡ ሲወርድ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አወረደው። የቡና ቤቱ ባለቤት፣ ያኩሚስ የሚባል ግዙፍ ሰውዬ፣ በረንዳ ሲጠርግ ድንገት እኛን አየና መጥረጊያውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ።

“አቤት ትሕትና! ደግ ሕዝብ ነው” አልኩ።

“ነው” አለ ስትራቶስ።

እስካሁን እግሩን እንኳ ውሃ አላስነካም። ድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሽቅብ ወደ መንደሩ ያያል። “ምን ታያለህ?” ስለው “ነፋሱን” አለኝ። ነፋስ ይታያል እንዴ?

እሁድ፣ ኦገስት 4

ድንኳኑ ሄደ! ቀትር ላይ፣ ባቄላውን እያሞቅኩ ሳለሁ፣ ነፋሱ ከነካስማው ነቅሎ ወሰደው። ስትራቶስ ጥቂት ሮጠና ቆመ። ባሕሩ ላይ እንደ ትልቅ ወፍ ሲንሳፈፍ ቆመን አየነው። ለሩላ ምን እላታለሁ?

“ላይ መንደር ክፍል የሚሰጡ አሮጊት አሉ” አለ ስትራቶስ።

“ማን ነገረህ?”

“ያኩሚስ።”

ከያኩሚስ ጋር ሲያወራ አላየሁም። ቦርሳችንን ተሸክመን ዳገቱን ወጣን። መንገዱን አልጠየቀም። በሰማያዊው በር ፊት ቆሞ “አንቺ አንኳኪ፤ ዋጋ መነጋገር ትችይበታለሽ” አለኝና ከኋላዬ ቀረ።

ጥቁር የለበሱ ከሲታ አሮጊት ከፈቱልን። ኪራ ዛቤታ፣ እመት ዛቤታ እንደማለት፣ ይባላሉ።

“ክፍል አለ ተብለን ነው፣ እናቴ።”

“አለ።” እኔን አያዩም፤ በትከሻዬ አሻግረው ስትራቶስን ነው የሚያዩት።

“ስንት ነው?”

“አንቺ ስንት ትያለሽ?”

ልከፍል ካሰብኩት ግማሹን ጠራሁ፤ ያው እሳቸው ከፍ ሊያደርጉ፣ እኔ ልከራከር። “እሺ” አሉ። በቃ፣ “እሺ”። ደግሞ ጨመሩበት፤ “ምግብም እዚሁ ትበላላችሁ።” በሕይወቴ እንዲህ ቀንቶኝ አያውቅም። ወዲያው ለሩላ ደውዬ ጉራዬን ነዛሁባት። ስለ ድንኳኑ አልነገርኳትም።

ክፍሉ ንጹሕ ነው። አንዲት የልጃገረድ የምትመስል ጠባብ አልጋ፣ አንድ ቁምሣጥን። ከአልጋው ራስጌ፣ ግድግዳው ላይ፣ አራት ማዕዘን ነጭ ቦታ አለ፤ ዙሪያው በጊዜ ብዛት ቢጫ ሆኗል። የሆነ ነገር ከዚያ ላይ ወርዷል። ስትራቶስ “አንቺ አልጋው ላይ ተኚ” አለኝ። ትንሽ ቆየና ደግሞ “አይ፣ ሁለታችንም መሬት ላይ እንተኛ፤ ቀዝቀዝ ይላል” አለ።

ረቡዕ፣ ኦገስት 7

የፍልሰታ ጾም ነው። ኪራ ዛቤታ ባሚያ በዘይት ሠርተው አቀረቡልን። እሳቸው ከኛ ጋር አይቀመጡም፤ ቆመው እጄን ያያሉ።

“ሥራሽ ምንድን ነው፣ ልጄ?”

“ፀጉር ሠሪ ነኝ።”

“የማታውቂውን ሰው ፀጉር ታጥቢያለሽ?”

“ታዲያስ! በቀን ስንቱን።”

“እጅሽ አይጸየፍም ማለት ነው።” ምስጋና ይሁን ሌላ ነገር ከድምፃቸው ማወቅ አልቻልኩም። ስትራቶስ ማንኪያውን አስቀምጦ ወጣ።

የስትራቶስ የመጀመሪያ ሚስት ካሊሮይ ትባል ነበር። የደሴት ልጅ ነበረች። ስንጋባ የነገረኝ ይኼንኑ ነው፤ ታማ እንደሞተች፣ አገሯ እንደተቀበረች። ሌላ አልጠየቅኩም። አለመጠየቄን ጨዋነት አድርጌ ቆጥሬው ነበር፤ ለሩላም “እኔ የሰው ቁስል አልነካም” ብዬ ተኩራርቼባታለሁ። ዛሬ ይኼን ለምን እንደምጽፍ እንጃ። ግሪክ ውስጥ ደሴት ሞልቷል።

ዓርብ፣ ኦገስት 9

ያኩሚስ ቡና ቤት ዳቦ ልገዛ ወረድኩ። ሁለት ዓሣ አጥማጆች በረንዳው ላይ ዳማ ይጫወታሉ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል።

“ከበዓሉ በኋላ ነው አሉ የሚያወጧት።”

“ጊዜዋ ደረሰ እንዴ?”

“አምስት ዓመት ሞላት እኮ። አባ ሲዴሪስም ፈቅደዋል።”

“ሳትበሰብስ ብትገኝስ?”

“አፍህን ዝጋ፣ ምን ያለው ክፉ አፍ ነው!”

ያኩሚስ ድንገት አየኝ። “ዝም በሉ እናንተ! ሙሽሪት፣ ዳቦ ነው? ትኩስ አለ።” እዚህ ሁሉም ሙሽሪት ይሉኛል። ዳቦውን ሲሰጠኝ ገንዘቤን አልተቀበለም።

ዳገቱን ስወጣ ገባኝ፤ ስለ ጀልባ ነው የሚያወሩት። ጀልባ ለጥገና ከውሃ ይወጣል፤ እንጨቱ በስብሶ እንደሆነ ይታያል። ሰውየው ግን “ሳትበሰብስ ብትገኝስ” ነው ያለው፤ ጀልባ ሳይበሰብስ ቢገኝ ምን ያስፈራል? እኔ ስለ ጀልባ ምን አውቃለሁ? የላሪሳ ልጅ ነኝ።

ለስትራቶስ ብነግረው “አዎ ጀልባ ነው” አለኝ። ፊቱን አዙሮ ነው ያለኝ።

እሁድ፣ ኦገስት 11

ነፋስ። ነፋስ። መርከብ ከመጣ ሰነበተ። ስትራቶስ ምንም አይበላም። “አሞሃል እንዴ?” “ደህና ነኝ።” ለዋና ብዬ የገዛሁት ሰማያዊ ልብስ ከነምልክቱ ቦርሳ ውስጥ አለ።

እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ ይሆናል። ሰው ዕረፍት ወጥቶ ዝም የሚለው አብሮት ያለው ሰው ሲሰለቸው ነው።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 13

የዚህ መንደር የሚያስፈራው ቀትሩ ነው። ምሳ ተበልቶ መስኮቱ ሁሉ ይዘጋል፤ ሰው ይተኛል፤ ውሻ እንኳ አይጮህም። ነፋሱ ብቻ በቁልፉ ቀዳዳ እየገባ ያፏጫል። ዛሬ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የቁምሣጥኑ በር ሁልጊዜ ገርበብ እንዳለ ነው፤ ልዘጋው ተነሳሁ፤ ከፈትኩት።

የበጋ ቀሚሶች ናቸው። ከኔ ትንሽ ቀጠን ያለች ሴት የምትለብሳቸው። አቧራ አቧራ አይሉም፤ ሳሙና ሳሙና ይላሉ። የሚያጥባቸው ሰው አለ ማለት ነው። ኪራ ዛቤታ ሴት ልጅ ሳትኖራቸው አትቀርም፤ አቴንስ ትሆናለች፤ ለበዓል ትመጣ ይሆናል። እንዲህ እያልኩ እያሰብኩ ነበር። እምላለሁ፣ እንዲህ ነበር የማስበው።

ያን ጊዜ ከግቢው “ካሊሮይ!” ሲሉ ሰማሁ።

ጩኸት አልነበረም፣ ለቅሶም አልነበረም። እናት ልጇን ለምሳ እንደምትጠራው።

“አቤት!” አልኩ።

ለምን አቤት እንዳልኩ አላውቅም። ከአፌ ወጣ። ከዚያ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ፤ ነፋሱም ጭምር ጸጥ ያለ መሰለኝ። በመስኮቱ ቀዳዳ አየሁ። ኪራ ዛቤታ ጥላው ሥር ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ፤ እጃቸው ቆሟል፤ ወደኔ ግን አልዞሩም። ወደ ውስጥ ዞር ስል ስትራቶስ መሬቱ ላይ እንደተኛ ዓይኑን አፍጥጦ እኔን ያያል። ትንሽ ቆይቶ ባቄላው ሳህኑ ውስጥ ኳ፣ ኳ ማለት ጀመረ።

ካሊሮይ በደሴት አገር የተለመደ ስም ነው።

ሐሙስ፣ ኦገስት 15

በዓሉ። በችኮላ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥግ ተቀምጬ።

ፍየል ተጠብሷል፤ ቫዮሊን አለ፤ አገሩ ሁሉ ይጨፍራል። ወደ ስትራቶስ ግን አንድ በአንድ እየመጡ እጁን ጨብጠው፣ ትከሻውን መታ መታ አድርገው ይሄዳሉ። “እንኳን አደረሰህ” ያለው የለም። “አይዞህ” ነው የሚሉት።

ከኋላዬ ሁለት ሴቶች፤

“አዲሷ እቺ ናት? ምን ዓይነት ድፍረት ነው ባካችሁ!”

“አትፍረጂባት፤ ምስኪን፣ አታውቅም።”

አውቃለሁ። ከመቼ ጀምሮ እንደማውቅ ግን አልጽፍም።

ዓርብ፣ ኦገስት 16

ቀትር ላይ፣ ሰው ሁሉ ሲተኛ፣ ባሕሩ ዳር ይዤው ወረድኩ።

“ንገረኝ።”

“ምን ልንገርሽ?”

“ስትራቶስ፣ በአልጋዋ ራስጌ ፎቶዋ የነበረበትን ቦታ እያየሁ ነው የማድረው። ንገረኝ።”

ተቀመጠ። ድንጋይ አንስቶ ማገላበጥ ጀመረ።

“ልነግርሽ ነበር። ፒሬዎስ ላይ ልነግርሽ ነበር። አቃተኝ። መርከቡ ላይ ደግሞ ደስ ብሎሽ ነበር።”

“ድንኳን አስይዘህ! የዋና ልብስ አስገዝተህ! የሚስትህን መቃብር ልትከፍት ይዘኸኝ መጣህ!”

“ብቻዬን መምጣት ፈራሁ።”

እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ከአውቶቡስ ሥር ተጋድሞ ሞተር የሚያወርድ ሰው ነው። ከዚያ ሁሉንም አወጣው። ቦታ ጠባብ ስለሆነ እዚህ መቃብር የሚሰጠው ለተወሰነ ዓመት ነው፤ ጊዜው ሲሞላ አጥንቱ ወጥቶ፣ በወይን ጠጅ ታጥቦ፣ በሳጥን ይቀመጣል። ይኼ የኛም ወግ ነው፤ የአባቴ ጊዜ ሩላ ናት የሄደችው፤ እኔ ታምሜያለሁ ብዬ ቀረሁ። እዚህ ግን የሚያስፈራቸው ሌላ ነው። ካሊሮይ እሱን አግብታ ልትሄድ መርከብ ላይ ስትወጣ እናቷ ወደቡ ላይ ቆመው፣ በንዴት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ “መሬት አትቀበልሽ!” ብለዋት ነበር። በኋላ ታረቁ። ልጅቷ ግን ሞተች። ሬሳዋን እዚህ ሲያመጣው ኪራ ዛቤታ አልጮኹም፤ አፈሩን እየነኩ “ተቀበላት፣ እኔ አላልኩም” ብቻ ይሉ ነበር። እስከዛሬ የሚያስቡት ያችን ቃል ነው። መቃብሩ ሲከፈት ገላዋ ሳይፈርስ ቢገኝ፣ መንደሩ ሁሉ ‘እርግማኑ ያዛት’ ነው የሚለው።

“እኔ ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ?”

“‘ይዘሃት ና’ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።”

“ለምን?”

“አላውቅም። ዓይናቸው ደክሟል። ሴት ዘመድ የላቸውም።”

“እና እኔ ላጥብልህ ነው?”

“አይደለም! አይደለም አሲሚና። አንቺ ባሕር ዳር ትሆኛለሽ፣ እኔ ለትንሽ ጊዜ ሄጄ እመለሳለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት። አንቺ ሳታውቂው ያልፋል ብዬ።”

ሳቄ መጣ። ክፉ ሳቅ። “ሳላውቀው!”

ቦርሳዬን አስሬያለሁ። ነፋሱ ረገብ ብሏል፤ ነገ ጠዋት መርከብ አለ አሉ። የሚያወጧትም ነገ ጠዋት ነው።

ኪራ ዛቤታ ቦርሳውን አዩት። ለመንገድ ብለው ዳቦና ወይራ በጨርቅ ቋጥረው አልጋው ላይ አስቀመጡልኝ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 17

ወደቡ ላይ ነኝ። ነፋስ የለም። ስትራቶስ ስወጣ አልለመነኝም፤ ፊቱን ግድግዳው ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር።

ያኩሚስ ሸሚዙን ቀይሮ፣ ዶማ ይዞ ሊወጣ ነው። “ሙሽሪት፣ አትቀየሚን” አለኝ። “ሚስቴን ለምነዋት ነበር፤ እርጉዝ ናት፤ እርጉዝ ሴት አትነካም። አሮጊቷ ራሳቸው ያጥቧታል እንግዲህ፣ በዳበሳ።”

“ለምን ትነግረኛለህ?”

“እንዲሁ ነው። መንገድሽን ያቅናው።”

መርከቡ ከጥጉ ብቅ አለ።

መጣ።

ሄደ።

እሁድ፣ ኦገስት 18

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። እጄ ወይን ጠጅ ወይን ጠጅ ይል ነበር። ዛሬም ይላል።

ለምን እንዳልተሳፈርኩ ስትራቶስ አልጠየቀኝም። ደግ ስለሆንኩ አይደለም። የመርከቡ በር ሲወርድ ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ፣ እኔ አልተነሳሁም። ከዚያ ዳገቱን እየሮጥኩ ነበር። ቦርሳዬን ረስቼው ኋላ ያኩሚስ ነው ያመጣልኝ።

ስደርስ ቁፋሮው ተጀምሯል። ያኩሚስና አንድ ዓሣ አጥማጅ ይቆፍራሉ፤ አባ ሲዴሪስ በለሆሳስ ይጸልያሉ፤ ስትራቶስ ከግንቡ ተደግፏል። ኪራ ዛቤታ አዲስ ነጭ አንሶላ በሁለት እጃቸው ዘርግተው ጉድጓዱ አፋፍ ቆመዋል። ከሩቅ ሳያቸው ሕፃን እስኪወለድ የምትጠብቅ አዋላጅ መስለውኝ ደነገጥኩ። አጠገባቸው ቆምኩ። አላዩኝም፤ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ግን ለቀቁልኝ።

ሳንቃው ሲገኝ ወንዶቹ ዶማውን ጥለው በእጃቸው ጀመሩ። ኪራ ዛቤታ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጠጋ ብዬ ሰማሁት፤ “ተቀበላት? ያኩሚስ፣ ተቀበላት?”

ያኩሚስ ጎንበስ እንዳለ ነው። ጀርባውን ብቻ ነው የምናየው።

“ያኩሚስ!” አሉ። ያ ድምፅ ከዚያች ደቃቃ ገላ እንዴት እንደወጣ እንጃ።

ቀና አለ። ያ ግዙፍ ሰውዬ እንባው በአቧራው ላይ ይወርዳል። “ንጹሕ ናት ኪራ ዛቤታ! እንደ ሰም ቢጫ ናት! ተቀብሏታል! የታለ ያ ክፉ አፍ፣ መጥቶ ይያት!” አለና ራስ ቅሏን በሁለት መዳፉ ይዞ አወጣው።

አሮጊቷ አልጮኹም። እንደ ጨርቅ ተጣጥፈው ወደቁ። አንሶላውን እኔ ብቻዬን ያዝኩት፤ ያኩሚስም ያንን ለኔ ሰጠኝ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስጽፈው እንዴት እንደሚመስል አውቃለሁ። ግን አልፈራሁም። ሲሰጡኝ ፈርቼ ነበር፤ ከያዝኩት በኋላ አልፈራሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህች ሴት ጋር በልቤ ስጣላ ኖሬያለሁ። ስትራቶስ ዝም ሲል ከሷ ጋር ነው የሚያወራው እያልኩ። እሱ በእንቅልፍ ልቡ ሲስቅ ለሷ ነው እያልኩ። አሁን መዳፌ ላይ ናት፤ ምንም አትከብድም።

ሳፋ ውስጥ ቀይ ወይን ጠጅ ቀዱልኝ። እየተቀበልኩ ማጠብ ጀመርኩ፤ የእግሯን፣ የእጇን፣ የጣቶቿን። ኪራ ዛቤታ ነፍስ ገዝተው፣ ተደግፈው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ እያጠብኩ የሰጠኋቸውን በመዳፋቸው እየዳበሱ “ይኼ ክንዷ ነው። ይኼ ጉልበቷ ነው፤ ከበቅሎ ወድቃ የተሰበረው” እያሉ አንሶላው ላይ ይደረድራሉ።

ፀጉሯ አልጠፋም ነበር። አፈር ውጦት፣ ተቋጥሮ፣ ግን አለ። ጥቁር ቡናማ፣ ወፍራም። ዓሣ አጥማጁ ወይን ሊያፈስበት ሲል “ተው! ፀጉር በወይን አይታጠብም፤ ለብ ያለ ውሃ አምጡልኝ!” ብዬ ጮህኩ፤ ልክ በፀጉር ቤቴ እንደምናገረው። ሁሉም ሮጡ፤ አባ ሲዴሪስ እንኳ ባልዲ ይዘው መጡ።

አጠብኩት። በጣቶቼ ቀስ እያልኩ ፈታሁት። ሲፈታ አንድ ወገኑ ረዘም፣ ሌላው አጠር ያለ ሆኖ አገኘሁት፤ ጫፉ የተጎመደ ነው። “ይኼን ማነው የቆረጠው?” አልኩ፤ ለራሴ ነበር ያልኩት።

“እኔ ነኝ።”

ስትራቶስ ከግንቡ ተላቆ ሁለት እርምጃ ቀርቧል።

“ሆስፒታል እያለች ነው። ትራሱ ላይ ይሞቀኛል፣ ቁረጥልኝ አለችኝ። መቀስ ከነርሷ ለመንኩ። መስታወት አምጣ አለችና አይታ…” ኮፍያውን አወለቀ። “ሳቀች። በጣም ሳቀች። ከዚያ በኋላ ስትስቅ አላየኋትም። አስቀያሚ አድርጌ ነው አይደል የቆረጥኩት?”

“በጣም አስቀያሚ ነው” አልኩት።

ሳቀ። ሲስቅ ለቅሶው መጣ፤ መሬቱ ላይ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ። ማንም አላባበለውም። እኔም እጄ እርጥብ ነበር። ኪራ ዛቤታ ብቻ ወደሱ ሳይዞሩ “አልቅስ፣ ልጄ። አፈሩ ሥራውን ጨርሷል፣ አንተም ጨርስ” አሉ።

ራስ ቅሏን መጨረሻ ላይ ሳጥኑ ውስጥ ያኖሩት እሳቸው ናቸው። ግንባሯን ሳሙት። ከዚያ ወደኔ አቀረቡልኝ። ሳምኳት።

ማታ ጠባቧ አልጋ ላይ ተኛሁ። ስትራቶስ መሬት ላይ። ማንም ማንንም አልጠራም። ፎቶው ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ፀጉሯን በአንድ ወገን ጥላ የምትስቅ ሴት ናት። ቆንጆ ናት ብዬ ልጽፍ አልፈለግኩም ነበር፤ ቆንጆ ናት።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 20 — መርከብ ላይ

ኪራ ዛቤታ የክፍሉን ኪራይ አልቀበልም አሉ። ስለ ያኔው ድርድር ስናነሳ እሳቸው ሳቁ፤ እኔ አፈርኩ።

ስትራቶስ አጠገቤ ተኝቷል፤ አፉን ከፍቶ፣ ፀሐይ ፊቱ ላይ እያረፈችበት። ይቅር እንዳልኩት አላውቅም። “ሌላ የደበቅከኝ አለ?” ስለው “የለም” አለኝ። አምኜዋለሁ መሰለኝ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9 — ላሪሳ

ፀጉር ቤቱን ከከፈትኩ ሳምንት ሆነው። የሴቶቹን ራስ ሳጥብ ጣቶቼ ሳላዛቸው ያጠረውን ወገን ይፈልጋሉ። ዛሬ አንዷ “ምነው ቆየሽ?” ስትለኝ ነው የነቃሁት። ሩላ ስለ ድንኳኑ እስካሁን ትነዘንዘኛለች። ስትራቶስ ይበላል፣ ይተኛል፤ ስሟንም ይጠራል፤ “ካሊሮይ ይኼን አትወድም ነበር” ይላል ሾርባ ላይ ጨው ሲጨምር። እኔም “እኔ እወዳለሁ” እለዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ የፀጉር ቤቱ ስልክ ጮኸ። ደንበኛ ውሃው ሥር ነበረች፤ በትከሻዬ ይዤ አነሳሁት።

“ስትራቶስ አጠገብሽ ነው?”

ኪራ ዛቤታ ናቸው። ቁጥሩን ከየት እንዳገኙት እንጃ።

“የለም፤ ሥራ ነው። ደህና ነዎት?”

“ደህና ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እምቢ ብትይኝ አልቀየምሽም።” ከኋላቸው ነፋሱ ይሰማኛል። “እኔን የሚያወጣኝ ሰው የለም።”

ውሃው እየፈሰሰ ነው። ደንበኛዬ ዓይኗን ጨፍናለች።

“ትሰሚኛለሽ?”

“እሰማለሁ። እኔ አወጣዎታለሁ።”

“እሱን አታምጪው። ወንድ ይፈራል። ብቻሽን ነይ።”

“እሺ።”

“ፀጉሬ ሳስቷል፤ ብዙ አያደክምሽም” አሉና ዘጉት።

ማታ ስትራቶስ እጁን እየታጠበ “ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለ?” አለኝ።

“ምንም” አልኩና ሾርባውን አቀረብኩለት።